ሽቶ ጾም አያፈርስም፤ ጎረቤትን ግን ሊያስቸግር ይችላል

ረመዳን በገባ ቁጥር በአምቦም ሆነ በጉደር፣ በጌዶም ሆነ በጊንጪ ከወጣቶች ከሚቀርቡልኝ ጥያቄዎች አንዱ «ሽቶ መቀባት ጾም ያፈርሳል ወይ?» የሚል ነው። መልሱ አጭር ነው። በገላ ወይም በልብስ ላይ የተቀባ ሽቶ ጾም አያፈርስም። የሻፊዒ ሊቃውንት ጾመኛ ቀን ላይ ቢተወው ይመረጣል ብለዋል እንጂ ጾሙ ተበላሸ አላሉም። ብዙዎቹ ሊቃውንት የሚያስጠነቅቁት ጭስን ነው፤ የዕጣን ወይም የቡኹር ጭስ ሆን ብሎ ወደ ውስጥ የሚስብ ሰው ጾሙን ለአደጋ ያጋልጣል። ጎረቤት ቡና ሲያፈላ የዕጣኑ ጭስ ሳያስቡት አፍንጫ ቢገባ ግን ምንም የለበትም።

ይህን ሁሉ የሚጠይቀኝ አለ። «ይህ ሽቶ አጠገቤ የሚሰግደውን ሰው ያስቸግረው ይሆን?» ብሎ የሚጠይቀኝ ግን እምብዛም አይገኝም። እኔ ደግሞ ትልቁ ጥያቄ ይህ ነው ባይ ነኝ።

የተራዊህን ሰዓት እናስብ። በከተሞቻችን ያሉት መስጂዶች ብዙዎቹ ትንንሾች ናቸው። የደጋው ሌሊት ስለሚበርድ መስኮቱ ይዘጋል። ሰፉ ትከሻ ለትከሻ ገጥሞ ይቆማል። አንዱ በር ላይ ቆሞ ልብሱን ከላይ እስከ ታች ይነፋል። ሌላው የኡድ ጠርሙሱን ይዞ ሳይጠይቅ በሰው ሁሉ እጅ ላይ ይቀባል። አስም ያለበት ወንድማችን ሁለት ረከዓ ሰግዶ እያሳለ ይወጣል፤ በማግስቱም እቤቱ ይሰግዳል። ሽቶ የነፋው ሰው ሱና የፈጸመ ይመስለዋል፤ አንድ ሰው ከጀማዓ ማስቀረቱን አላወቀም።

«ሽቶ እኮ ሱና ነው» የሚል ይኖራል። እውነት ነው። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) መልካም ሽታ ይወዱ ነበር፤ ሽቶ ሲሰጣቸውም አይመልሱም ነበር። ነገር ግን እኚሁ ነቢይ ነጭ ሽንኩርትና ቀይ ሽንኩርት የበላ ሰው ወደ መስጂድ እንዳይቀርብ አዘዋል። ሽንኩርት ሐራም ሆኖ አይደለም። ምክንያቱ በሐዲሱ ውስጥ ተነግሯል፦ የሰው ልጅ የሚቸገርበት ነገር መላእክትንም ያስቸግራል። በፊቅህ ትምህርት ይህ የሕጉ ምክንያት፣ ዒለቱ፣ ይባላል። ምክንያቱ ባለበት ሁሉ ፍርዱ ይከተላል። እንግዲህ መለኪያው ሽታው የሽንኩርት ወይም የኡድ መሆኑ አይደለም፤ ጎረቤትን ማስቸገሩ ነው። ውድ ዋጋ የተከፈለበት ሽታም ሰው ካስቸገረ ከዚሁ ሚዛን አያመልጥም።

የጁሙዓ ትጥበት እንዴት እንደመጣም እናስታውስ። እናታችን ዓኢሻ እንደነገሩን የዚያ ዘመን ሰዎች በእጃቸው ሠርተው የሚያድሩ ነበሩ። ኢብን ዐባስ ደግሞ የሱፍ ልብስ እንደሚለብሱና መስጂዱ ጠባብ፣ ጣሪያውም ዝቅተኛ እንደነበር ይጨምራሉ። በላብ ሽታ አንዱ ሌላውን ሲያስቸግር ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ታጠቡ፣ ካላችሁም ሽቶ ተቀቡ አሉ። ሠራተኛውን ሂድ አላሉትም፤ ከኋላ ቁም ብለውም አላሳፈሩትም። ቅድሚያ የተሰጠው ለውኃ ነው፤ ሽቶ የመጣው ከውኃ በኋላ ነው።

ቲርሚዚ በዘገቡት ሐዲስ ደግሞ ሽቶ ላላገኘ ሰው ውኃው ራሱ ሽቶው ነው ተብሏል። ስሟ በውኃ የተጠራው አምቦ ይህን ለመረዳት ማንም ሊቀድማት አይገባም። ቀኑን ሙሉ ድንጋይ ሲፈልጥ የዋለ፣ ጋሪ የነዳ፣ ከእርሻው በጋቢው የመጣ ሰው ታጥቦ ንጹሕ ልብስ ከለበሰ የሚጠበቅበትን ፈጽሟል። ኡድ ከተቀባው ነጋዴ ጎን በፊተኛው ሰፍ የመቆም መብት አለው። ሽቶ የደረጃ መለያ ሆኖ ድሃ ወንድማችን ራሱን ሸሽጎ ከኋላ የሚቆም ከሆነ ጥፋቱ የእኛ ነው።

ታዲያ ወንድ ልጅ እንዴት ይቀባ? በመጀመሪያ ይታጠብ፤ ላብ ላይ የተነፋ ሽቶ ላቡን ያብሰዋል እንጂ አያጠፋውም። ከቤት ከመውጣቱ በፊት ይቀባ እንጂ መስጂድ ውስጥ አይንፋ። ዘይቱ በእጅ አንጓና በአንገት ላይ ነካ ነካ ቢደረግ ይበቃል። ሌላውን ከመቀባቱ በፊት ይጠይቅ። ቡኹር የሚያጨሱም ሰዉ ሳይገባ አጭሰው መስኮቱን ይክፈቱ። አልኮል ስላለበት ሽቶ ሊቃውንት ተለያይተዋል፤ ነጃሳ ነው የሚሉም፣ የሚጠጣ ስላልሆነ ችግር የለውም የሚሉም አሉ። ልቡ የተጠራጠረ ዘይቱን ይምረጥ፤ የሌላውን ምርጫ ግን አያውግዝ።

ማንን ይጎዳል የሚለው ጥያቄ ከመስጂድ ውጭም ይከተለናል። አገራችን በዓለም የሽቶ ታሪክ ውስጥ ስሟ ያለው በዝባድ ነው። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሙስሊም ነጋዴዎች ከጊቤ ማዶ ከእናርያ ዝባድ እየጫኑ በጎጃምና በጎንደር በኩል እስከ ምጽዋ ያደርሱ ነበር። በቀንድ የታሸገው ዝባድ በኋላ ዘመን የፈረንሳይ ሽቶ ቀማሚዎች ዘንድ ደርሷል። ኢማም ነወዊን የመሳሰሉ ሊቃውንት ዝባድ ጦሃራ ነው ብለዋል። ነገር ግን ዝባዱ ንጹሕ መሆኑና አወጣጡ ንጹሕ መሆኑ ሁለት ጉዳይ ናቸው። ጥርኝ መዞሪያ በሌለው ጠባብ የእንጨት ሳጥን ውስጥ ዕድሜዋን ስትፈጅ፣ በየጥቂት ቀናቱም እየተያዘች ስትፋቅ፣ ድመት አስራ ሳታበላት፣ ሳትለቃትም የቀረችው ሴት በምን እንደተቀጣች ማስታወስ ይገባናል። ጥርኝ የሚያረቡ ወንድሞች ሰፊ ቦታና በቂ ምግብ ይስጧት። የምንገዛም ከየት እንደመጣ እንጠይቅ።

አንድ ነገር ልጨምር። የጾመኛ የአፍ ጠረን አላህ ዘንድ ከሚስክ የበለጠ መልካም እንደሆነ በሐዲስ ተነግሮናል። ስለዚህ ጾመኛ በጌታው ፊት ለመወደድ ጠርሙስ አያስፈልገውም። ሽቶ የምንቀባው አጠገባችን ለሚቆመው ሰው ስንል ነው። እንዲያ ከሆነ ልኩን የሚነግረን አጠገባችን ያለው ሰው ነው። ዛሬ ማታ ከተራዊህ በፊት ጎናችን የቆመውን «ሽታው አስቸገረህ ወይ?» ብለን እንጠይቀው። አዎ ካለ፣ ነገ እንቀንስ።