ታቦቱን ላስጠጋው ሕዝብ ጊዜ ስጡ
ወደ ዝዋይ ሐይቅ ደሴቶች እንግዳ ለምትወስዱ አስጎብኚዎች፣ ጀልባ ለምታከራዩና ለምትጓዙ ወገኖች የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ክቡራንና ክቡራት፣

ሥራችሁን አከብራለሁ። እናንተ ባትኖሩ ከአዲስ አበባ 160 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ከምትገኘው ከባቱ ከተማ ማዶ፣ በሐይቁ መካከል ሰው ቤት ሠርቶ፣ ዘርቶና አጭዶ እንደሚኖር የማያውቀው ብዙ ነበር። ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ የተነሣሁት አንድ የምለምናችሁ ነገር ስላለኝ ነው፤ እንግዶቻችሁን ወደ ቱሉ ጉዶ ደሴት ስትወስዱ ቤተ ክርስቲያኑን ብቻ አሳይታችሁ አትመልሷቸው።

በደሴቲቱ የሚተረከውን ከእኔ ይልቅ እናንተ ታውቁታላችሁ። ዮዲት ጉዲት አክሱምን ባጠፋች ጊዜ ካህናቱ ታቦተ ጽዮንን ይዘው ወደ ደቡብ ተሰደዱ፤ በዚህች ተራራማ ደሴትም ለሰባ ዓመት ያህል ሸሽገው አቆዩት ይባላል። ደሴቲቱ ደብረ ጽዮን መባሏም ከዚሁ ጋር ይያያዛል። እንግዳው ጀልባ የሚሳፈረው ይህን ሰምቶ ነው። በጉዞው ላይ የሚነገረውም ስለ ታቦቱ ነው፤ ታቦቱን አስጠግቶ ስላቆየው ሕዝብ ግን እስከ መልስ ድረስ አንድ ቃል ሳይነገር ይቀራል።

ይህ ሕዝብ ዛይ ነው። ቋንቋው ከሐረሪና ከስልጤ ጋር የቅርብ ዝምድና አለው፤ ተናጋሪዎቹ በጥቂት ሺዎች የሚቆጠሩ ናቸው። ከአክሱም ከመጡት ሌላ በ16ኛው ክፍለ ዘመን በግራኝ አሕመድ ጦርነት ጊዜ መጠጊያ ፍለጋ ወደ ደሴቶቹ የገቡ እንዳሉም ይተረካል። ለዘመናት ዳገቱን በድንጋይ እርከን ደግፈው አረሱት፤ ዓሣ አጠመዱ፤ ጥጥ ፈትለው ሸማ ሠሩ። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የብሱ ሲከፈትላቸው ብዙዎቹ ወደ ሐይቁ ዳር ወጥተው ሰፈሩ። ዛሬ አብዛኛው ዛይ የሚኖረው በመቂ፣ በባቱና በዙሪያቸው ባሉ መንደሮች ነው። ከአምስቱ ደሴቶች መካከል በቱሉ ጉዶ፣ በፀዴቻና በፉንዱሮ የቀሩት ሰዎች ቁጥራቸው ትንሽ ነው። እነዚህ ሰዎች አንድ ቀን ደሴቶቹን ለቀው ቢወጡ ለእንግዳ የሚቀረው የተዘጋ ቤተ ክርስቲያንና የፈረሰ እርከን ነው።

አሁን በዓይኔ ያየሁትን ልንገራችሁ። አብረውኝ የተጓዙት እንግዶች ዳገቱን ወጥተው ከቤተ ክርስቲያኑ እንደደረሱ ቄሱ የብራና መጽሐፍ በጨርቅ ጠቅልለው ይዘው ወጡ። ገና ጨርቁን ሳይፈቱ የስልኩ ፍላሽ ከየአቅጣጫው ይበርቅ ጀመር። አንዱ እጁን ዘርግቶ ቅጠሉን ራሱ ሊገልጥ ሲል ቄሱ በትሕትና መጽሐፉን ወደ ደረታቸው ሳብ አደረጉት። ስንወርድ አንዲት እናት ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው ጥጥ ይፈትሉ ነበር። «እንደምን ዋሉ?» ያላቸው የለም፤ ስልክ ግን ሦስት አራት ሆኖ ተደቀነባቸው። ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ሳብ አድርገው ጀርባቸውን ሰጡ፤ እንዝርቱን ግን ማሾር አላቆሙም። ደክመው አይመስለኝም፤ ተቀይመው ነው።

ምሳ የተበላው ከባቱ ተቋጥሮ የመጣ ነው። ከእኛ ጥቂት እርምጃ ርቀው የደሴቱ አጥማጆች ያወጡትን ቆሮሶ ከመረብ ይለቅሙ ነበር። አንድ ሰው እንኳ «አብስሉልን፣ እንክፈላችሁ» አላለም። ባዶው የውኃ ፕላስቲክ ደግሞ ዳር ላይ ቀረ።

ከሁሉ ያሳዘነኝ የመልሱ ጉዞ ነው። አንዲት እናት የታመመ ልጇን አዝላ ወደ ባቱ ጤና ጣቢያ ለመሻገር ጀልባችን አጠገብ መጥታ ቆመች። ባዶ ወንበር ነበረን። ይዞን የመጣው ሰው «ይህ ኮንትራት ነው» አላት። ከመካከላችን አንድ አዛውንት ተነሥተው «ልጄ፣ ነይ ግቢ» ባይሏት ኖሮ እዚያው ትቀር ነበር። በሞተር ጀልባ እስከ ባቱ ከአንድ ሰዓት በላይ ይፈጃል፤ ሐይቁ ላይ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ይነሣል፤ ጉማሬም አለበት። በደንገል ታንኳ ከሕመምተኛ ልጅ ጋር ይህን ውኃ መሻገር ምን ማለት እንደሆነ ጀልባ የምታከራዩት እናንተ ከማንም በላይ ታውቃላችሁ።

ስለ ሐይቁ ስታስረዱም የደሴቱ ሰው ይናገር። ዝዋይ ሰፊ ይምሰል እንጂ ጥልቀቱ በአማካይ ሁለት ሜትር ተኩል ገደማ ነው። ከመቂና ከቀታር ወንዞች የሚያገኘው ውኃ ሐይቁ ጋ ሳይደርስ ለመስኖ ይሳባል፤ ከሐይቁም ራሱ ለአትክልትና ለአበባ እርሻ በፓምፕ ይቀዳል። በቡልቡላ ወንዝ በኩል የሚመግበው የአቢጃታ ሐይቅ እንዴት እንደሸሸ በዓይናችሁ ያያችሁ ናችሁ። የዝዋይ ዳር ምን ያህል እንደራቀ፣ ጠባብ ዓይን ያለው መረብ ጫጩት ዓሣውን እንዴት እንደጨረሰው፣ የቱ ዓሣ እንደጠፋ ሕይወቱ በዚህ ውኃ ላይ የሆነው አጥማጅ ይነግራችኋል። ልጁን የሚያጠጣውም ይህንኑ ውኃ ነው። እንግዶቻችሁ ይህን ከአፉ ቢሰሙ ከየትኛውም ገለጻ ይልቅ ይጠቅማቸዋል።

ገበያችሁ ይቅር አላልኩም። የምለምናችሁ ለደሴቱ ሰው ድርሻው እንዲሰጠው ነው። ከመንደሩ አንድ ወጣት መሪ አድርጋችሁ ቅጠሩ፤ አበሉንም እዚያው በእጁ ስጡት። ምሳውን በደሴቱ እናቶች አሠሩ፤ ሸማውንም ከሸማኔው እጅ ግዙ። ዛይኛ ሰላምታ ከመሪያችሁ ተማሩና ለእንግዶቻችሁ ገና ጀልባው ላይ አስተምሩ። ፎቶ ከማንሣታቸው በፊት ፈቃድ እንዲጠይቁ፣ ብራናውንም እንዳይነኩ ንገሯቸው። ይዛችሁ የገባችሁትን ፕላስቲክ ይዛችሁ ውጡ። ለሽማግሌዎቹ ደግሞ ጊዜ ስጧቸው፤ ቡና ጠጡ፤ ልጆቻችን ዛይኛ እያስቀሩ ነው ብለው የሚያዝኑ አባቶች ታገኛላችሁ፤ ስሟቸው።

እናንተም ተጓዦች፣ ገንዘቡን የምትከፍሉት እናንተ ናችሁና አስጎብኚያችሁን «ከደሴቱ ማን ይመራናል? ምሳ ማን ያበስልልናል?» ብላችሁ ጠይቁ። መልስ ካጣችሁ ሌላ አስጎብኚ ፈልጉ።

ጀልባ የምታከራዩ ወንድሞቼ፣ ከዛሬ ጀምሮ በውላችሁ ላይ ይህን አንድ መስመር ጨምሩ፦ ከደሴት ስንመለስ ክፍት ወንበር ካለ ሕመምተኛ፣ ነፍሰ ጡርና አረጋዊ ያለ ክፍያ ይሳፈራል።

አክባሪያችሁ