ምንጩን ያየ ተማሪ

በበጋው የትምህርት ዕረፍት ተማሪዎችን ወደ ተፈጥሮ ማውጣት እንደ መዝናኛ ብቻ ሊታይ አይገባም። በደረቅ ምድር የሚያድግ ልጅ ውኃን የሚያውቀው በአብዛኛው ከቧንቧ ነው፤ ምንጩን ያላየ ደግሞ መንጠፉን አያስተውልም።

በምሥራቅ ዮርዳኖስ በረሃ የሚገኘው የአዝራቅ ረግረግ ለዚህ ጉልህ አብነት ነው። ስፍራው እ.ኤ.አ. በ1977 በራምሳር ስምምነት መሠረት ዓለም አቀፍ ጠቀሜታ ያለው ተብሎ ተመዘገበ። ነገር ግን ለከተማ መጠጥና ለእርሻ የሚሳበው ውኃ ዝናብ ከሚተካው ስለበለጠ በ1992 ምንጮቹ ነጠፉ፤ በሌላ የዓለም ክፍል የማይገኘው ትንሹ የአዝራቅ ዓሣም ከመጥፋት አፋፍ ደረሰ። የአገሪቱ ንጉሣዊ የተፈጥሮ ጥበቃ ማኅበር ውኃ እየመለሰ ሊያድን የቻለው ከቀድሞው ረግረግ ጥቂቱን ብቻ ነው።

እዚያ የሚደርስ ተማሪ ለምለሙን ሸምበቆና የደረቀውን መሬት ጎን ለጎን ያያል። ውኃ ቀድቶ በውስጡ የሚንቀሳቀሱትን ነፍሳት ሲቆጥር፣ ዓሣው በነፍሳቱ፣ ወፉም በዓሣው እንደሚኖር በዓይኑ ያረጋግጣል።

ስለዚህ ትምህርት ቤቶች እንዲህ ያለውን ጉዞ በዕቅዳቸው ሊያካትቱት፣ ፀሐይ ሳይበረታም በማለዳ ሊያካሂዱት ይገባል። ውኃን ማባከን በእስልምና የተነቀፈ መሆኑን ልጆች ከሕፃንነታቸው ጀምሮ ይሰማሉ፤ በነጠፈ ምንጭ ዳር ሲቆሙ ግን የሰሙት ምክር ምክንያቱ ይገለጥላቸዋል። ነገ ስለ ውኃ የሚወስኑት እነርሱ ናቸውና ዛሬ ሊያዩት ይገባል።