ስማችን በማን እጅ ነው?



አባቶቻችን «ስም ከመቃብር በላይ ይውላል» ሲሉ ስም ከገንዘብም ከከብትም የሚበልጥ ሀብት መሆኑን ማስረዳታቸው ነው። ወደ እስራኤል ስንገባ ብዙዎቻችን ፈቃዳችን ሳይጠየቅ አዲስ የዕብራይስጥ ስም ተሰጥቶናል። በስማችን ላይ ሌላ ሰው ሲያዝበት ምን እንደሚሰማ ማንም ሊነግረን አያስፈልግም። ታዲያ ዛሬ ዓሙታዎቻችን፣ ሱቆቻችንና ምግብ ቤቶቻችን በኢንተርኔት የሚጠሩበት ስም በማን እጅ እንዳለ የማንጠይቀው ለምንድን ነው?

ጉዳዩን ለማያውቁ ባጭሩ እናስረዳ። ድረ ገጽ የሚጠራበት አድራሻ ዶሜይን ይባላል። ዶሜይን አንዴ ተገዝቶ ለዘለዓለም የሚቀመጥ ዕቃ አይደለም። በመዝጋቢ ድርጅት፣ በዕብራይስጡ «ራሻም» በሚባለው ዘንድ ተመዝግቦ በየጊዜው ክፍያው የሚታደስ ነው። ባለቤት የሚባለው በመዝገቡ ላይ ስሙ የሰፈረው ነው፤ የይለፍ ቃሉን የያዘው ደግሞ አዛዥ ነው። ገንዘቡን ያዋጣው ሕዝብ በመዝገቡ ላይ ከሌለ በገዛ ቤቱ እንግዳ ሆነ ማለት ነው።

ስሙ የተሰረቀበት ድርጅት የሚያጣው ገጹን ብቻ አይደለም። በዚያ ስም የሚላከው ኢሜይል ሁሉ ወደ ሌባው ይሄዳል። ሌባው በኢሜይሉ አማካይነት የሌሎች አካውንቶችን የይለፍ ቃል ያስለውጣል፤ በእኛ ስም መዋጮ እየጠየቀ የራሱን የባንክ ቁጥር ይለጥፋል። ሰው የሚያምነው ስሙን ነውና ማንም አይጠረጥርም።

«እኛን ማን ብሎ ይሰርቀናል? ይህ የትልልቆቹ ጉዳይ ነው» የሚሉ አሉ። ይህ ራስን ማታለል ነው። እ.ኤ.አ. በ1995 በአሜሪካ አንድ ታዋቂ የዶት ኮም ስም የተሰረቀው በአንዲት ሐሰተኛ ደብዳቤ ነበር። መዝጋቢው ኔትወርክ ሶሉሽንስ ባለቤቱን ጌሪ ክሬመንን ሳያረጋግጥ ስሙን ለአጭበርባሪው አስተላለፈ። ባለቤቱ ስሙን በፍርድ ቤት ያስመለሰው በ2000 ነው፤ አምስት ዓመት ሙሉ! በ2003 የይግባኝ ፍርድ ቤት ዶሜይን ንብረት መሆኑንና መዝጋቢውም በኃላፊነት ሊጠየቅ እንደሚችል ወሰነ። በ2021 ደግሞ ፐርል የተባለው የኮምፒዩተር ቋንቋ የሚጠራበት የዶት ኮም ስም ተሰርቆ 190,000 ዶላር ዋጋ ተለጥፎበት ለሽያጭ ቀረበ። ይህም ስም የተመዘገበው በዚያው በኔትወርክ ሶሉሽንስ ነበር። የተሰረቁት እኮ የኮምፒዩተር ሊቃውንት ናቸው! ስማቸው በቀናት ውስጥ የተመለሰው በዓለም ዙሪያ የሚጮህላቸው ሰው ስለነበረ ነው። ለእኛስ ማን ይጮህልናል?

ይሁን እንጂ ከሩቁ ሌባ ይልቅ የሚጎዳን የራሳችን ልማድ ነው። «ልጁ ያውቀዋል» እንላለን። ልጁም ስሙን በራሱ ኢሜይልና በራሱ ካርድ ያስመዘግባል። ነገ ልጁ ሥራ ይቀይራል፣ ከኮሚቴው ጋር ይጣላል፣ ወይም ኢሜይሉን ይተዋል። የማሳሰቢያው ደብዳቤ ማንም በማያነበው ሣጥን ውስጥ ይቀራል፤ ስሙም ጊዜው ያልፍበታል። ዕብራይስጥ ሳናውቅ በመጣንበት ዘመን ደብዳቤያችንን ማንበብ ለሚችል ሁሉ መስጠታችን ችግር ያመጣው ነበር። ዛሬ ግን ልጆቻችን በዩኒቨርሲቲና በኮምፒዩተር ኩባንያዎች ውስጥ አሉ። ዛሬ ምክንያት የለንም!

ስለዚህ እያንዳንዱ ዓሙታና ባለሱቅ የሚከተለውን ይፈጽም።

አንደኛ፣ ስሙ በዓሙታው ወይም በባለንብረቱ ስም ይመዝገብ፤ በወንድም ልጅ ወይም ገጹን በሠራው ባለሙያ ስም አይሁን። ለመዝጋቢው የሚሰጠው ኢሜይል በዚያው ዶሜይን ላይ የተከፈተ አይሁን፤ ስሙ ሲሰረቅ ኢሜይሉም አብሮ ይሰረቃልና።

ሁለተኛ፣ ከይለፍ ቃሉ በተጨማሪ በስልክ የሚገኝ ሁለተኛ ማረጋገጫ ይኑር። የዝውውር መቆለፊያው ዘወትር ይዘጋ። የዝውውሩ ኮድ ለማንም አይነገር።

ሦስተኛ፣ እድሳቱ በራሱ እንዲከፈል ይደረግ፤ የካርዱ ጊዜ እንዳያልፍም ይታይ። የዶት ኮም ስም እስከ 10 ዓመት ድረስ በቅድሚያ ሊከፈልበት ይችላል። ሳይታደስ ቀርቶ ከተሰረዘ ባለቤቱ በከፍተኛ ክፍያ የሚያስመልስበት 30 ቀን አለው፤ ከዚያ በኋላ ማንም ይወስደዋል። «ቶሎ ክፈሉ» የሚል ደብዳቤ ካልታወቀ ድርጅት ቢመጣ ግን አትክፈሉ፤ ራሳችሁ ወደ መዝጋቢያችሁ ገብታችሁ አረጋግጡ።

አራተኛ፣ መዝጋቢ ስትመርጡ በርካሽነቱ ብቻ አትምረጡ። ሁለተኛ ማረጋገጫ አለው? ለውጥ ሲጠየቅ ባለቤቱን እንዴት ያረጋግጣል? ችግር ሲመጣ ስልክ የሚያነሣ ሰው አለው? ብላችሁ ጠይቁ። በዶት አይ-ኤል የሚያልቁ ስሞችን መዝገብ የሚያስተዳድረው የእስራኤል የኢንተርኔት ማኅበር ስለሆነ ከእርሱ ፈቃድ ያለውን ምረጡ። ለዶት ኮም ደግሞ አይካን የተባለው ዓለም አቀፍ ድርጅት ያጸደቀው መሆኑን እዩ።

ለመዝጋቢዎቹም የምንለው አለን። አስተማማኝ መቆለፊያ ለሀብታም ብቻ በተጨማሪ ዋጋ የሚሸጥ ቅንጦት ሊሆን አይገባም። የደንበኛን ስም የተረከበ ሁሉ የመጠበቅ ግዴታ አለበት!

ወገኖቻችን ሆይ! በሚቀጥለው ጠቅላላ ስብሰባ ላይ እጃችሁን አውጡና ሊቀ መንበሩን ጠይቁ። ስማችን በማን ስም ተመዝግቧል? የይለፍ ቃሉ በማን እጅ ነው? የሚታደሰው መቼ ነው? የቁጥጥር ኮሚቴው ማስረጃውን አይቶ መልሱ በፕሮቶኮል ይጻፍ። መልስ የሌለው ኮሚቴ የሕዝቡን ንብረት እየጠበቀ አይደለም። ስሙ ከተወሰደ በኋላ የምናሰማው ጩኸት «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ነውና ዛሬውኑ እንጠይቅ!