ድጎማው ሲደርስ ሪፖርቱም አብሮ ይድረስ

የመንግሥት የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ቀን ተጀምሮ ሰኔ 30 ቀን የሚዘጋ መሆኑ ለገበሬ ማኅበር መሪዎች የተሰወረ አይደለም። የሰኔ መጨረሻ ደግሞ ክረምቱ የሚገባበት፣ የገላንና የአቃቂ አካባቢ መረሬ አፈር ጭቃ ሆኖ እንኳን መኪና አህያም እንደ ልብ የማያሳልፍበት፣ ገበሬውም ከሞፈርና ከቀንበሩ ቀና የማይልበት ወቅት ነው። ለገጠሩ የተመደበው ገንዘብ መድረሱ የሚሰማው በዚህ ሰሞን ከሆነ፣ ሰኔና ሰኞ ገጠመ ማለት ይኸው ነው።

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ በሥራው ምክንያት በሚመላለስበት፣ ስሙን መጥቀስ በማያስፈልገው አንድ ቀበሌ ያየው ነገር ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ይሆናል። ገበሬዎቹ ወደ ገበያ የሚወጡበት መንገድ በክረምት በጎርፍ ስለሚቆረጥ የውኃ ማሳለፊያ ቱቦ እንዲቀበርላቸው ለረጅም ጊዜ ሲጠይቁ ቆይተዋል። ገንዘቡ ተፈቀደ። በላይኛው መሥሪያ ቤት መዝገብም ለቀበሌው ሥራ እንደተላለፈ ሆኖ ተጻፈ። ይሁን እንጂ ስንት እንደተላለፈ፣ መቼ እንደተላለፈና ለማን እንደተሰጠ ለቀበሌው ሊቀ መንበር የነገረው አልነበረም። ሊቀ መንበሩ ነገሩን ያወቀው ሒሳቡን እንዲያወራርድ በተጠየቀ ጊዜ ነው። ቱቦዎቹ ከመጀመሪያው ዝናብ ጋር መጥተው ከመንገዱ ዳር ተራገፉ፤ ክረምቱንም እዚያው ከረሙ።

በዚህ ነገር ውስጥ ሌባ አልነበረም። አንድም ቱቦ አልጠፋም፤ አንድም ብር አልጎደለም። ሆኖም ገበሬው ገንዘቡ ተበልቷል ብሎ አመነ። ሊቀ መንበሩም በማያውቀው ነገር ስሙ ጠፋ። በሚቀጥለው ዓመት ለእርከን ሥራ ጥሪ ሲደረግ የወጣው ሰው ጥቂት ነበር። የአንድ ወረቀት መዘግየት የአንድ ዓመት መንገድ ብቻ ሳይሆን የአንድ መሪ አመኔታ እንዴት እንደሚያሳጣ ከዚህ መረዳት ይቻላል።

ወደ ዋናው ጉዳይ ለመግባት ገንዘቡ ከየት ተነሥቶ ወዴት እንደሚሄድ አስቀድሞ ማየት ይገባል። የፌዴራሉ መንግሥት በየዓመቱ ለክልሎች ድጎማ ይሰጣል። የድጎማውን ቀመር የሚወስነው በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 62 መሠረት የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው። ክልሉ ደግሞ ከዚህ ድጎማና ከራሱ ገቢ ላይ ለወረዳዎችና ለከተሞች ያከፋፍላል። ይህ ጥቅል ድጎማ እስከ ወረዳ እንዲወርድ የተደረገው በ1995 ዓ.ም. በኦሮሚያ፣ በአማራ፣ በደቡብና በትግራይ ክልሎች ነበር። ከጥቅሉ ድጎማ ሌላ ለተወሰነ ዓላማ ብቻ የሚሰጥ ገንዘብም አለ። በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የልማታዊ ሴፍቲ ኔት፣ በ2001 ዓ.ም. ለትምህርት ቤቶች በተማሪ ቁጥር ልክ መሰጠት የጀመረው ድጎማ፣ በ2003 ዓ.ም. የተጀመረው የግብርና ዕድገት ፕሮግራም የዚህ ዓይነቶቹ ናቸው።

እንግዲህ አንድ ብር ከፌዴራል ግምጃ ቤት ተነሥቶ ገበሬው ዘንድ እስኪደርስ ሦስትና አራት እጅ ይለዋውጣል። ከተቀበለው ድጎማ ላይ ከፍሎ ለሌላ የሚያስተላልፍ ሁሉ ያስተላለፈውን በወቅቱ የመናገር ግዴታ ሊኖርበት ይገባል። የዚህ ጽሑፍ ሐሳብም ይኸው ነው፤ ገንዘብ እጅ በለወጠ ቁጥር ሪፖርቱ በወሩ ውስጥ ይውጣ፤ የሚወጣውም ወደ ላይ ለአለቃ ብቻ ሳይሆን ወደ ታች ለባለጉዳዩ ለገበሬውም ጭምር ይሁን።

ይህ አዲስ ፈሊጥ አይደለም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ እንዲሆን፣ ኃላፊነቱን ያጓደለ ባለሥልጣንም ተጠያቂ እንዲሆን ያዝዛል። በ2000 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 590 ማንኛውም ሰው ከመንግሥት መሥሪያ ቤት መረጃ የመጠየቅ መብት እንዳለው ደንግጓል። ከ1998 ዓ.ም. ጀምሮ የመሠረታዊ አገልግሎቶች ፕሮግራም በሚካሄድበት ጊዜም ወረዳዎች የዓመቱን በጀትና ወጪ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ እንዲለጥፉ ይደረግ ነበር። ስለዚህ የገበሬ ማኅበር መሪ ወደ ወረዳ ሄዶ "ለቀበሌያችን የተላለፈው ስንት ነው?" ብሎ ሲጠይቅ መብቱን መጠየቁ እንጂ ድፍረት አይደለም።

የሪፖርት መዘግየት ጉዳቱ በሦስት መልክ ይታያል።

አንደኛው ጉዳት በሥራው ላይ ነው። ገበሬ ሁሉ እንደሚያውቀው ስንዴና ጤፍ የየራሳቸው መዝሪያ ወቅት አላቸው፤ ሽምብራም የክረምቱ ውኃ ጠንፈፍ ሲል በመረሬው ላይ ይዘራል። ወቅቱ ያለፈበት ዘር የቱንም ያህል ምርጥ ቢሆን ፍሬው ያው ነው። ገንዘብም እንደዚሁ ነው። የመስኖ ቦይ የሚጠረገው፣ እርከን የሚሠራው፣ ቱቦ የሚቀበረው ከጥር እስከ ግንቦት ባለው ደረቅ ወራት ነው። ገንዘቡ በታኅሣሥ መድረሱን በሰኔ የሰማ ቀበሌ፣ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንደሚባለው ነው።

ሁለተኛው ጉዳት በሚቀጥለው ገንዘብ ላይ ነው። በብዙ ፕሮግራሞች የሚቀጥለው ክፍያ የሚለቀቀው የቀደመው ሒሳብ ሲወራረድ ነው። አንድ ቀበሌ ወይም አንድ ትምህርት ቤት ማስረጃውን ሲያዘገይ የወረዳው ሪፖርት ይዘገያል፤ የወረዳው ሲዘገይ የክልሉ ይዘገያል፤ በመጨረሻም ሥራውን በጊዜው ጨርሶ ማስረጃውን ያቀረበው ጎረቤት ቀበሌ ጭምር አብሮ ይቀጣል። የፌዴራል ዋና ኦዲተር ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በሚያቀርባቸው ሪፖርቶች በወቅቱ ያልተወራረደ ተሰብሳቢ ሒሳብ ተደጋግሞ የሚነሣ ጉዳይ መሆኑ ይታወቃል። በከተሞችም ነገሩ ተመሳሳይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 ዓ.ም. 44 ከተሞችን፣ እ.ኤ.አ. በ2018 ዓ.ም. ደግሞ 117 ከተሞችን ይዘው የተጀመሩት የከተማ ልማት ፕሮግራሞች ለየከተማው የሚሰጡትን ድጎማ የሚወስኑት በየዓመቱ በሚደረግ የሥራ አፈጻጸም ምዘና ነበር። ሒሳቡን በሥርዓት ያልያዘ ከተማ የሚቀርበት ገንዘብ ነበር ማለት ነው።

ሦስተኛው ጉዳት ከላይ በምሳሌው እንደታየው በአመኔታ ላይ ነው። ገበሬው ጉልበቱን፣ ድንጋዩንና አሸዋውን የሚያዋጣው መሪውን ሲያምን ነው። በዝምታ የተያዘ ሒሳብ ንጹሕ ቢሆንም እንኳ ለሐሜት በር ይከፍታል።

የሌሎች አገሮች ተሞክሮም ይህንኑ ያጠናክራል። በኡጋንዳ እ.ኤ.አ. ከ1991 እስከ 1995 ዓ.ም. ማዕከላዊው መንግሥት ለአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ከላከው ድጎማ ትምህርት ቤቶቹ ጋ የደረሰው በአማካይ 13 በመቶ ያህል ብቻ እንደነበር በጥናት ተደረሰበት። ከዚያ በኋላ መንግሥት ለየአውራጃው የላከውን ገንዘብ በጋዜጣ ማውጣት ጀመረ፤ የደረሰውም በየትምህርት ቤቱ እንዲለጠፍ አደረገ። እ.ኤ.አ. በ2001 ዓ.ም. ትምህርት ቤቶች ጋ የሚደርሰው ከ80 በመቶ በላይ ሆነ። ለዚህ ለውጥ ሌሎች ማሻሻያዎችም አስተዋጽኦ አድርገዋል። ነገር ግን ወላጆችና መምህራን የተላከውን መጠን ማወቃቸው ትልቁን ድርሻ እንደያዘ አጥኚዎቹ ገልጸዋል።

በአሜሪካ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2006 ዓ.ም. በወጣው ሕግ መሠረት ከፌዴራል መንግሥት ድጎማ የተቀበለ ክልል፣ ከተማ ወይም ድርጅት ከዚያው ላይ 30 ሺህ ዶላርና ከዚያ በላይ ለሌላ ሲያስተላልፍ፣ ለማን ስንት እንደሰጠ እስከሚቀጥለው ወር መጨረሻ ድረስ ማሳወቅ አለበት። የቀረበውም ሪፖርት ለማንኛውም ሰው ክፍት ሆኖ ይታያል። ልብ ሊባል የሚገባው ነገር ቢኖር ሥራው እስኪያልቅ የማይጠበቅ መሆኑ ነው። ሪፖርቱ የሚወጣው ገንዘቡ በተላለፈ ጊዜ ነው፤ ምክንያቱም ስሕተትን ማረም የሚቻለው ገንዘቡ ገና ሳያልቅ ነውና።

ወደ ገላን ስንመለስ ጉዳዩን ይበልጥ አስቸኳይ የሚያደርገው ሌላ ምክንያት አለ። በዚህ አካባቢ የአስተዳደር አከላለል በአጭር ዘመን ውስጥ ደጋግሞ ተለዋውጧል። በ2000 ዓ.ም. በፊንፊኔ ዙሪያ የኦሮሚያ ልዩ ዞን ተቋቋመ። በ2015 ዓ.ም. ደግሞ ገላን፣ ሰበታ፣ ቡራዩ፣ ሱሉልታና ሌሎችም ተጠቃለው ሸገር ከተማ ተመሠረተ። መሥሪያ ቤት ሲዋሐድ ኃላፊ ይዛወራል፤ ቢሮ ይለወጣል፤ ፋይል ከክፍል ወደ ክፍል ይጓዛል። በወቅቱ ያልተጻፈና ለሕዝብ ያልተነገረ ሒሳብ በእንዲህ ያለ ጊዜ ባለቤት ያጣል። ለአሮጌው መሥሪያ ቤት ያመለከተውን ገበሬ አዲሱ መሥሪያ ቤት "ማስረጃህ የታለ?" ቢለው መልስ የለውም። በየወሩ የተለጠፈና በቀበሌው ቃለ ጉባኤ የሰፈረ ሪፖርት ግን ሹም ቢለወጥም ሳይጠፋ ይቆያል። ከተማው ወደ እርሻው በሚሰፋበት በእንዲህ ያለ አካባቢ የገበሬው ድርሻ በወረቀት ላይ መኖሩ ታላቅ ዋስትና ነው።

አንዳንድ መሪዎች፣ "ቀበሌ ገንዘብ አይዝም፤ ክፍያውን የሚፈጽመው የወረዳ ፑል ነው፤ እኛ ምን ሪፖርት እናደርጋለን?" ይላሉ። አባባላቸው ግማሹ እውነት ነው። ቀበሌው ጥሬ ገንዘብ ባይቀበልም ሲሚንቶ ይቀበላል፤ ቱቦ፣ ቆርቆሮ፣ ምርጥ ዘርና የእጅ መሣሪያ ይቀበላል። ዕቃ ሲገባ በሞዴል 19፣ ሲወጣ በሞዴል 22 እንደሚመዘገብ የንብረት ሥራ የሚያውቅ ሁሉ ያውቀዋል። የእነዚህን ቅጂ ይዞ ለጉባኤ ማንበብ ራሱን የቻለ ሪፖርት ነው። ሌሎች ደግሞ ሥራው ሳያልቅ መናገር ጥያቄ ያበዛል ብለው ይሠጋሉ። ጥያቄ መብዛቱ እርግጥ ነው። ሆኖም በየካቲት ፊት ለፊት የሚጠየቅ ጥያቄ በሐምሌ ከኋላ ከሚወራ ወሬ ይሻላል።

እንግዲህ ምን ይደረግ? በመጀመሪያ፣ እያንዳንዱ ቀበሌ አንድ የድጎማ መዝገብ ይያዝ። መዝገቡ ስድስት ነገር ብቻ ቢይዝ ይበቃል፦ ከማን እንደመጣ፣ ስንት እንደሆነ ወይም የዕቃው ዓይነትና ብዛት፣ የደረሰበት ቀን፣ የታሰበለት ሥራ፣ ለማን እንደተላለፈና የቀረው። ይህን ለመጻፍ የሒሳብ ሠራተኛ መሆን አያስፈልግም፤ የቀበሌው ሥራ አስኪያጅ ወይም የልማት ጣቢያ ሠራተኛው ሊያግዝ ይችላል።

በሁለተኛ ደረጃ፣ ወር በገባ በመጀመሪያው ሳምንት ያለፈው ወር ሒሳብ በገበሬው ቋንቋ፣ በገላን አካባቢ በአፋን ኦሮሞ፣ በጉልህ ተጽፎ ይለጠፍ። መለጠፍ ብቻውን ግን አይበቃም። ማንበብ የማይችል አባል ብዙ ስለሆነ በስብሰባ ላይ፣ በዕድር ቀን ወይም ሰው በሚሰበሰብበት ሌላ ቦታ በንባብ ይሰማ። በወሩ ምንም ያልመጣ ከሆነም "ምንም አልመጣም" ተብሎ ይነገር፤ ይህም ራሱ ሪፖርት ነው።

በሦስተኛ ደረጃ፣ መሪዎች የራሳቸውን ሪፖርት በወቅቱ እያቀረቡ ከወረዳው ወይም ከክፍለ ከተማው የገንዘብ ጽሕፈት ቤት ተመሳሳዩን ይጠይቁ። ለቀበሌው ሥራ ገንዘብ ሲተላለፍ በዚያው ወር በደብዳቤ ይነገራቸው። በሩብ ዓመቱ ማብቂያም የሁለቱ መዝገብ ይመሳከር። ልዩነት ቢገኝ በሦስት ወር ውስጥ የተገኘ ልዩነት ለማረም አያስቸግርም። የትምህርት ቤት ድጎማም በወላጆች፣ በተማሪዎችና በመምህራን ኅብረት አማካይነት በዚሁ መንገድ ይታይ።

ይህ ሁሉ ሸክም ለቀበሌ ብቻ የተተወ እንዳይመስል መናገር ያስፈልጋል። ከላይ ያለው መሥሪያ ቤት ያስተላለፈውን ሳይናገር የታችኛው በወቅቱ አላወራረደም ብሎ መውቀስ አይችልም። የመጀመሪያው መዘግየት ከላይ ከሆነ የመጀመሪያው መታረምም ከላይ ይሁን።

የገበሬ ማኅበር በየካቲት 1967 ዓ.ም. በታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ሲቋቋም ገበሬው ስለራሱ ጉዳይ ራሱ እንዲመክር ታስቦ ነበር። ከዚያ ወዲህ መንግሥትም አዋጅም ተለዋውጧል፤ ሕዝቡ ግን እስከ ዛሬ ቀበሌውን "ገበሬ ማኅበር" እያለ ይጠራዋል። በዚህ ስም የሚጠራ መሪ ለአባሎቹ የመጣውን ገንዘብ ከአባሎቹ ቀድሞ ማወቅ፣ ካወቀም በወሩ መናገር ይጠበቅበታል። የመጪው ሰኔ ቱቦዎች ከመንገዱ ሥር ተቀብረው እንጂ ከመንገዱ ዳር ተጋድመው እንዳይገኙ፣ መዝገቡ ከዚህ ወር ጀምሮ ይከፈት።