በወረዳ ጽሕፈት ቤት የሚደበቀው የሕመም ፈቃድ

በወረኢሉ ከተማ የሚገኝ አንድ የመንግሥት ሠራተኛ ጨጓራውን ቢታመም ከሐኪም ያገኘውን የሕመም ፈቃድ ለቅርብ ኃላፊው ያቀርባል። ኃላፊው ይመራበታል፤ ወረቀቱም በመዝገብ ቤት በኩል ከግል ማኅደሩ ጋር ይያያዛል። ባልደረቦቹም "እግዜር ይማርህ"፣ "አላህ ያሽርህ" ይሉታል። ይኸው ሠራተኛ ለሳምንታት እንቅልፍ አጥቶ፣ ሰው መቅረብ አስጠልቶት ደሴ ድረስ ተጉዞ ከአእምሮ ሕክምና ክፍል ተመሳሳይ ወረቀት ቢያመጣ ግን ነገሩ ሌላ መልክ ይይዛል። ወረቀቱ ከጸሐፊዋ ጠረጴዛ ተነሥቶ በሰው ሀብት በኩል መዝገብ ቤት እስኪደርስ ድረስ በማኅተሙ ላይ የሰፈረውን የክፍል ስም የሚያነበው ሰው ቁጥር ቀላል አይደለም። ከተማዋም ትንሽ ናት፤ ጠዋት በቢሮ የተነበበው ማታ እድር ላይ ይሰማል።

በዚህ ምክንያት ሠራተኛው ወረቀቱን በኪሱ ማስቀረትን ይመርጣል። በቅድሚያ የዓመት ፈቃዱን ይጨርሳል፤ ፈቃዱ ሲያልቅ በቀሪ ይመዘገባል። ከዚያ በኋላ ጉዳዩ የጤና መሆኑ ቀርቶ የዲሲፕሊን ይሆናል። ማኅደሩን የሚከፍት ሰው የሚያገኘው የማስጠንቀቂያ ደብዳቤና የደመወዝ ቅጣት እንጂ የታመመ ሰው ታሪክ አይደለም።

የዓለም ጤና ድርጅት በመስከረም 2015 ዓ.ም. በሥራ ቦታ የአእምሮ ጤናን የሚመለከት መመሪያ ባወጣበት ወቅት በድባቴና በጭንቀት ሕመም ሳቢያ ዓለም በየዓመቱ 12 ቢሊዮን የሥራ ቀናት እንደምታጣ፣ ኪሳራውም 1 ትሪሊዮን ዶላር ገደማ እንደሚደርስ አስታውቋል። እንደ ድርጅቱ ግምት እ.ኤ.አ. በ2019 ለሥራ በደረሰ ዕድሜ ላይ ከሚገኙ ሰዎች መካከል 15 በመቶ የሚሆኑት የአእምሮ ሕመም ነበረባቸው። ግምቱ የዓለም አማካይ ነው። የደቡብ ወሎ ደጋማ ወረዳዎች ሠራተኛ ደግሞ ከዚህ በላይ የሚጫነው ነገር አለው። በሰሜኑ ጦርነት ወቅት ወረኢሉ፣ ጃማ ደጎሎና አቀስታ በጦርነቱ ቀጥተኛ ቀጣና ውስጥ ወድቀው እንደነበርና መንግሥት ከተሞቹ ነፃ መውጣታቸውን ያስታወቀው በኅዳር 2014 ዓ.ም. እንደነበር ይታወሳል። ሠራተኛው ከስደት ሲመለስ በአብዛኛው የተቆጠረለት የወደመው ንብረትና የተዘረፈው ኮምፒውተር ነበር። ሁለት ዓመት ሳይሞላውም ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በክልሉ የተከሰተው ግጭት ተጨመረበት። ወረኢሉ በ1888 ዓ.ም. የዐድዋ ዘማች መክተቻ እንድትሆን የተመረጠች ከተማ በመሆኗ በጽናት ስሟ ይነሣል። ይሁንና ከዚህ ሁሉ በኋላ "ምንም አልሆንኩም" የሚል ሠራተኛ ሁሉ ጸንቶ ነው ብሎ መደምደም ያስቸግራል።

ሕጉን በተመለከተ ክፍተቱ የሚታሰበውን ያህል ሰፊ አይደለም። የአካል ጉዳተኞች የሥራ ስምሪት መብት አዋጅ ቁጥር 568/2000 የጉዳትን ትርጉም በአካል ሳይወስን የአእምሮ ጉዳትንም ያካትታል፤ አሠሪውም የሥራ ሁኔታውን እንዲያመቻች ግዴታ ይጥላል። ችግሩ ያለው ድንጋጌው ወርዶ የቅርብ ኃላፊው ጠረጴዛ ላይ አለመድረሱ ላይ ነው።

ኃላፊው ሐኪም እንዲሆን የሚጠብቅ የለም። ሆኖም ጥቂት ነገሮችን ማወቁ ብዙ ይለውጣል። ለድባቴ በስፋት ከሚታዘዙት መድኃኒቶች አንዱ የሆነው አሚትሪፕቲሊን በተለይ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ጠዋት ጠዋት ድብታ ያስከትላል። ሌላው፣ ፍሉኦክሰቲን፣ ለውጡ እስኪታይ ሳምንታት ይወስዳል። በመሆኑም መድኃኒት የጀመረ ሠራተኛ በመጀመሪያው ወር አርፍዶ ቢገባ ወይም እንደ ቀድሞው ባይፈጥን የስንፍና ምልክት ላይሆን ይችላል። ለቀጠሮ ደሴ ደርሶ መመለስም የሥራ ቀን ይወስዳል። ቀኑ ካልተፈቀደለት የሚያቋርጠው ቀጠሮውን ብቻ ሳይሆን መድኃኒቱንም ጭምር ነው። ጠበል የሚጠመቅ ወይም ዱዓ የሚያስደርግ ሠራተኛም ቢሆን ከሕክምናው ጋር ጎን ለጎን መቀጠል የሚችልበት መንገድ ሊዘጋበት አይገባም።

ይህን መሰል ሥራ ለመንግሥት መሥሪያ ቤቶች እንግዳ አይደለም። በ1990ዎቹ ኤችአይቪ/ኤድስ በሹክሹክታ ብቻ ይነሣ እንደነበር በዕድሜ የገፉ ሠራተኞች ያስታውሱታል። መሥሪያ ቤቶች ተጠሪ መደቡ፤ በጀት ያዙ፤ ሠራተኛው ከደመወዙ እያዋጣ ለታመመ ባልደረባው መደገፊያ ፈንድ አቋቋመ፤ ቡና እየተጠጣ ውይይት ተካሄደ። አንዳንዱ ሥራ ለሪፖርት ማሟያ ብቻ እንደነበር መካድ አይቻልም። ያም ሆኖ ቫይረሱ በደማቸው የሚገኝ ሠራተኞች ክኒናቸውን ይዘው በሥራ ገበታቸው ላይ መቆየት ችለዋል። የአእምሮ ሕመም ግን እስካሁን ይህን መሰል ዕድል አላገኘም። እንዲያውም ለብዙ ዓመታት የአገሪቱ ብቸኛ የአእምሮ ሕክምና ሆስፒታል ሆኖ ያገለገለው የአማኑኤል ስም በየቢሮው ለቀልድና ለስድብ ሲውል ይሰማል። ቀልዱን ከሚሰሙት መካከል የዚያ ሆስፒታል ካርድ ያለው ሰው ሊኖር እንደሚችል የሚያስብ ጥቂት ነው።

እ.ኤ.አ. የ2024 የዓለም የአእምሮ ጤና ቀን፣ መስከረም 30 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ በሥራ ቦታ የአእምሮ ጤና ላይ ያተኮረ ነበር። በወረዳ ደረጃ ባለሙያ መቅጠርና የምክር አገልግሎት መክፈት ጊዜና በጀት ይጠይቃል፤ በዚህ ላይ ክርክር የለም። የሕመም ፈቃድ ወረቀት በታሸገ ፖስታ ለሰው ሀብት ኃላፊው በቀጥታ እንዲሰጥ፣ በማኅደሩ ውስጥም የፈቃዱ ቀናት ብቻ እንዲሰፍሩ ማድረግ ግን የፖስታውን ዋጋ ያህል እንኳ በጀት የሚያስይዝ አይደለም። አንድ የጽሕፈት ቤት ኃላፊ በውስጥ ማስታወሻ ነገ ጠዋት ሊያስጀምረው ይችላል።