ቀጋ ምን በደለ?

የማኅበራችን የግቢ ማስዋብ ኮሚቴ በመኝታ ቤታችን ፊት ለፊት ጽጌረዳ ሊያስተክል መወሰኑን ሰምተን ደስ ብሎናል። ችግኙ ከከተማ የሚገዛ ነው፤ ቀይ፣ ቢጫና ሮዝ። ቦታ ለማስለቀቅ ሲባል ግን ከአጥሩ ሥር ያለው ቀጋ ይመነጠራል ተብሏል። እኔ የምቃወመው ይህን ነው።

ወንድሞችና እኅቶች፤ ቀጋ ራሱ ጽጌረዳ አይደለምን? የሥነ ዕፀዋት ሊቃውንት ሮዛ አቢሲኒካ ይሉታል፤ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1820 ጆን ሊንድሊ የተባለው እንግሊዛዊ ስለ ጽጌረዳዎች በጻፈው መጽሐፍ ውስጥ ይገኛል። ከሰሐራ በስተ ደቡብ ባለው አፍሪካ ሰው ሳይተክለው የሚበቅል ጽጌረዳ ይኸው አንዱ ብቻ ነው። በአገራችን ስም የተጠራውን አበባ በዶማ ነቅለን በሌላ አገር የተዳቀለ ስንገዛ ምን ሊባልልን ነው? (ከኮሚቴው አባሎች ሦስቱ የታሪክ ተማሪዎች ናቸው።) ከዝዋይ በላስቲክ ቤት አድጎ በአውሮፕላን ወደ ሆላንድ የሚሄደው ጽጌረዳ እንኳ ዝርያው የውጭ አዳቃዮች ስለ ሆነ የባለቤትነት ዋጋ ይከፈልበታል። ስለ ቀጋ ማን ጠየቀን?

«እሾሃም ነው» ይላሉ። እውነት ነው፤ እሾሁም ቆልማማ ስለ ሆነ ሸሚዝ ከያዘ ቶሎ አይለቅም። ታዲያ ከአጥር ሌላ ምን ይፈለጋል? «አበባው ነጭ ብቻ ነው፣ ቅጠሉም አምስት ብቻ» ለሚሉት ግን መልስ የለኝም፤ ጠዋት በአጠገቡ አልፈው አያውቁም ማለት ነው። አበባው ሲረግፍ ደግሞ ፍሬው እየቀላ ይመጣል፤ ቀጋና አጋም ለቅሞ ያልበላ የደጋ ልጅ በመካከላችን ያለ አይመስለኝም።

እኔ በእናቴ ግቢ ሞክሬዋለሁ። መጀመሪያ ዘሩን ዘርቼ ወራት ብጠብቅ አንድም አልበቀለም። በሁለተኛው ክረምት የእርሳስ ውፍረት ያለው ቅርንጫፍ ስንዝር ተኩል አድርጌ ቆረጥሁና ከግማሽ በላይ አፈር ውስጥ ቀበርሁት፤ ከአሥሩ አራቱ ያዙ። ቀጋ ከ1,900 እስከ 3,300 ሜትር ከፍታ ያለውን አገር ይወዳል፤ አዲስ አበባም ከዚያ ውስጥ ስለሆነች፣ ሥር ከያዘ በኋላ አላስቸገረኝም። ጥፋቴ ከበሩ አጠገብ መትከሌ ነው። እናቴ ነጠላዋ በተያዘ ቁጥር ስሜን ታነሣለች።

ኮሚቴው ቀዩንም ቢጫውንም ይትከል፤ ቦታ ሞልቷል። የአጥሩን ሥር ግን ይተውልን። ከልክ ያለፈውን በየዓመቱ እኔ እከረክመዋለሁ፤ መቀሱም አለኝ። ምንጠራው ለቅዳሜ ነው ስለ ተባለ፣ የምትስማሙ ሁሉ ዓርብ ከምሳ በኋላ ወደ ማኅበሩ ቢሮ ብቅ ብላችሁ ፈርሙ።