የላንድሮቨር ባሌስትራ

ላንድሮቨርን ሁላችሁም አይታችኋል። በፈረንጆች ከ1971 እስከ 1985 የተሠራው ሦስተኛው ዓይነት ከፊትም ከኋላም በባሌስትራ ላይ ይቀመጣል። ባሌስትራ ተደራርቦ የታሰረ ብረት ነው። ጫፍና ጫፉ ላይ ላስቲክ ያለው ቡሽ አለ። ቡሹ ሲያልቅ መኪናው ቋ ቋ ይላል።

እኛ የፊቱን ቀየርን። መኪናውን በክሪክ አነሣን። ክሪክ ብቻውን አይታመንም፤ ሰው ይገድላል! ከሻንሲው ሥር ጠንካራ መደገፊያ አደረግን። የግራውንም የቀኙንም ለወጥን። አሮጌው ቡሽ ዝጎ እምቢ አለና ግማሽ ቀን ፈጀብን።

ስሕተታችን ግን ወዲህ ነው። መኪናው እንደ ተነሣ ብሎኑን አጠበቅን። መኪናው ሲወርድ ባሌስትራው ተዘረጋ፤ የታሰረው ላስቲክ ተጠመዘዘ። ብዙ ሳይቆይ ተቀደደና እንደ ገና ገዛን። አሁን ብሎኑን አላልተን እናስገባለን። የምናጠብቀው መኪናው በአራት እግሩ ከቆመ በኋላ ነው።